ገና ያልመጣው ሳምንት ሪፖርት

በዕድሜዬ ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ፍጹም ትክክል ሆኜ አውቃለሁ። ትክክልነቴም የቆየው ሁለት ሳምንት ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ስንት ሰው እንደጎዳሁ እስከ ዛሬ በልኩ አላውቅም።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ይህን የሚጽፈውን ሽማግሌ አስባችሁ ታዝኑልኛላችሁ፣ ሐዘናችሁም ያለ ቦታው ይወድቃል። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጸጉሬ ከጭንቅላቴ ይተልቃል፤ ዛሬ ሁለቱም ሳስተዋል። ከአንድ የሶሻሊስት አገር ሁለት ዓመት ተምሬ ስመለስ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ፦ አንድ የቆዳ ጃኬት፣ አንዲት እጀታዋ የሚዞር የስሌት ማሽን፣ እና የተላላፊ በሽታን አካሄድ አስቀድሞ በሒሳብ የማስላት ትምህርት። ጃኬቱ በቦሌ ፀሐይ ያፍናል፤ እኔ ግን አላወልቀውም።

ዘመኑ የደርግ ነው። መሥሪያ ቤታችን ኦሎምፒያ አጠገብ፣ ከአንድ ባለጸጋ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ለእኔ የደረሰችኝ የቪላው ልብስ መተኮሻ ክፍል ናት። በዚያች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ የማሽኗን እጀታ እያዞርኩ የስንቱን ሰው ዕጣ አሰላ ነበር። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። አንድ በሽተኛ በሽታውን ለስንት ሰው ያስተላልፋል? በሰፈሩ ውስጥ ገና ሊታመም የሚችለው ሰው ስንት ነው? እነዚህን ከያዝን በሚቀጥለው ሳምንት፣ ከዚያም በሚከተለው፣ ስንት ሰው እንደሚታመም መገመት ይቻላል። ዛሬ ልጆቹ በኮምፒውተር በቅጽበት የሚጨርሱትን እኔ በክንዴ ነበር የምሠራው። በዚህ ሥራ ቀኝ ክንዴ ከግራው ወፈረ ብል አትመኑኝ፤ ለቆነጃጅት ግን እንደዚያ እያልኩ አውርቻለሁ።

በዚያ ዓመት በጋ ማጅራት ገትር ገባ። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ጠዋት ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ማታ አንገቱ እንደ እንጨት ይደርቃል። ክትባት ነበረን፤ ግን ለሁሉ አይበቃም። በቀዝቃዛው ክፍል የተቀመጠው ወይ ለምሥራቁ ወይ ለምዕራቡ የከተማ ክፍል እንጂ ለሁለቱም አይሆንም፣ ሌላው ጭነት የሚመጣው ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

የክፍላችን ኃላፊ ጓድ ዘውዴ ከጦሩ የመጡ ሰው ነበሩ። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም ዓይናቸውን ከወረቀት ላይ አያነሱም። አንድ ቀን አስጠሩኝ።

«ጓድ አሥራት፣ ይህ የፈረንጅ ሒሳብህ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ክትባቱን የት እንደምልክ ንገረኝ። ከሞቱ በኋላ መቁጠር እኔም እችላለሁ።»

በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ የሥራ ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም። አምስት ቀን ሙሉ አሰላሁ። በምሥራቁ በኩል ላሉት አሥራ አንድ ክሊኒኮች፣ ለእያንዳንዳቸው፣ የአራት ሳምንት ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። ከላይ በትልቁ «ይታመማሉ ተብሎ የሚገመት» ብዬ ጻፍኩ፤ ጽሑፉ ለማንም ግልጽ ነበር። በስሌቴ መሠረት በሽታው በምሥራቅ በሁለተኛው ሳምንት ጣሪያ ይነካና ከሦስተኛው ጀምሮ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቱን የሠራሁት። ሰንጠረዡን ለኃላፊው ብቻ መስጠት ይበቃ ነበር። እኔ ግን «ለየክሊኒኩ ይሰራጭ፤ አልጋና መድኃኒት እንዲያዘጋጁ ይረዳቸዋል» አልኩ። አባባሌ ደግ ይመስላል። እውነተኛው ምክንያት ግን ከወረቀቱ ግርጌ ስሜ መተየቡ ነበር። ጓድ ዘውዴ ፈረሙ፣ ክቡ ማኅተም አረፈበት፣ ወረቀቱ ወረደ። ክትባቱ ግን ስሌቱ በሪፖርት እስኪረጋገጥ ይቆይ አሉ። የመድኃኒት መጋዘኑም ለየክሊኒኩ የሚልከውን የማከሚያ መርፌ በዚያው ሰንጠረዥ ልክ ማደል ጀመረ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሪፖርት መጣ። ከስሌቴ ጋር አንድ ሆነ። ሁለተኛው መጣ። እሱም አንድ ሆነ። ሃይማኖት በማይነሳበት መሥሪያ ቤት ውስጥ «ነቢዩ» ተባልኩ። ዛሬ አትላስ በምንለው ሰፈር በነበረች አንዲት ቡና ቤት የሥራ ጓደኞቼን ድራፍት ጋበዝኩ። ጃኬቴን ለብሼ፣ እያላበኝ፣ ስለ ሳይንስ ንግግር አደረግሁ። ያዳመጠኝ የለም፤ ድራፍቱን ግን ጠጡልኝ።

ረቡዕ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ኮሚቴ ሊሰበሰብ ተወሰነ። ምሥራቁ እየወረደ ስለሆነ ክትባቱ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ይወሰናል። የሦስተኛው ሳምንት ሪፖርት ከአሥሩ ክሊኒኮች ገብቷል፤ ሁሉም ልክ ነው። የቀረው ጎሮ ብቻ ነበር፤ ስልክ የለውም። ማክሰኞ ጠዋት ራሴ ልሄድ ተነሣሁ። ለምን? አሥራ አንዱም ሞልቶ ኮሚቴው ፊት እንድቆም ነዋ!

የላንድሮቨሩ ሾፌር ጋሽ ተክሌ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሰው ነበሩ።

«ወዴት ነው፣ ነቢዩ?»

«ጎሮ፣ ጋሽ ተክሌ።»

«ጎሮ ምን አለና? ጤፍና አቧራ ነው።»

«ሪፖርት ልቀበል ነው።»

«ሪፖርቱ ምን ይላል?»

«አሥራ አራት ሰው።»

«ሳታየው?»

«ሳላየው።»

ጋሽ ተክሌ ማርሽ ቀየሩ። «እንግዲያው ቤንዚኑን ለምን እናቃጥላለን?» አሉ።

ሳቅሁና ወደ ውጭ አየሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አልፈን አስፋልቱ አለቀ። ያኔ ጎሮ ዛሬ የምታዩት ፎቅና ሱቅ አልነበረም። የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ እዚህም እዚያም የሣር ቤት፣ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ክሊኒክ። አንድ ጤና ረዳት ብቻ ነው የሚሠራበት።

በግቢው በር ገባሁና በልማዴ መቁጠር ጀመርኩ። ሰው በሣር ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። አስታማሚውን ትቼ አንገቱን ወደ ኋላ ያገተረውን፣ ዓይኑን ከፀሐይ የሸፈነውን ብቻ ቆጠርኩ። አሥራ አራት ላይ ስደርስ ገና ከአጥሩ አልራቅሁም ነበር።

ጤና ረዳቱ አቶ ሰይድ ይባላሉ። ወሎዬ ናቸው፤ አርባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ነጭ ጋዋናቸው በክርናቸው በኩል ተጥፏል። ስሜን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«እርስዎ ኖት? ሰንጠረዡን ያዘጋጁት? አላህ ያክብርልኝ፣ ጓድ! ይግቡ፣ ይግቡ።» ወንበሩን በእጃቸው ጠረጉልኝ። «ልልከው ነበርኮ፤ መኪና አጣሁ። ይኸው።»

ቅጹን ተቀበልኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «የሦስተኛው ሳምንት ሕሙማን፦ አሥራ አራት» ይላል። ከሥሩ ሌላ ቅጽ አለ። «የአራተኛው ሳምንት ሕሙማን፦ ዘጠኝ።» ተፈርሟል።

«አቶ ሰይድ፣ አራተኛው ሳምንት ገና ትናንት መጀመሩ አይደለም እንዴ?»

«አዎን። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ አንድ ላይ ይውሰዱት ብዬ ነው።»

ሰውየው አልቀለዱም። ተንኮልም አልነበረባቸውም። ፊታቸውን አየሁ፤ ሥራውን በሰዓቱ የጨረሰ ሰው ፊት ነው።

«ግን... እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ገና አልታመሙም!»

«በእርስዎ ሰንጠረዥ ዘጠኝ አይደል የሚለው?»

«እኔኮ የገመትኩት ነው! ግምት ተብሎ ከላይ ተጽፏል!»

«አንብቤዋለሁ፣ ጓድ። ማኅተም አለበት፤ ፊርማ አለበት፤ ከላይ የመጣ ነው። አምና ሠላሳ ሽንት ቤት አስቆፍር የሚል ወረቀት መጣልኝ። መሬቱ ድንጋይ ነው። አሥራ ስድስት ተቆፈረ፣ አሥራ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ምን እንደገጠመኝ ያውቃሉ? በስብሰባ ላይ አቁመው ግለ ሂስ አስደረጉኝ። ልጆቼ ባሉበት። ከዚያ ወዲህ ከላይ ቁጥር ሲመጣ ያንኑ ቁጥር እመልሳለሁ። እርስዎ በዚያ ላይ አሥራ አራት ሰው ነው ያሉት፤ ሃያ ብል 'ለምን ጨመረ፣ ምን ስትሠራ ነበር' አይሉኝም?»

ተቀመጥኩ።

«የተረፉትስ? ከአሥራ አራቱ በላይ ያሉት የት ተጻፉ?»

አቶ ሰይድ በሩን አዩና ከመሳቢያቸው አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። የሰው ስም፣ ዕድሜ፣ የታመመበት ቀን፣ የዳነ፣ የሞተ። ሁሉንም ጽፈዋል። ሥራቸውን ለራሳቸው በእውነት፣ ለእኛ በታዛዥነት ነበር የሚሠሩት። ባለፈው ሳምንት ብቻ አርባ አንድ ስም ነበር።

«መርፌ ሰጧቸው?»

«ለአሥራ አራት ሰው ይመጣል፣ ለአሥራ አራት ሰው እሰጣለሁ። ዓርብ አለቀ። የሚቀጥለው ሐሙስ ይደርሳል፤ እሱም ለዘጠኝ ሰው ነው።»

ይህን ብለው ደብተሩን ከደኑት። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ገና ገባኝ። ሰንጠረዤ በሽታውን አልገመተም። ለበሽተኞች ኮታ አውጥቶላቸዋል።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አንድ ረጅም ገበሬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ኦቦ ለሜሳ ይባላሉ። ጃኬቴን አይተው ሐኪም መሰልኳቸው።

«ዶክተር፣ ሚስቴ ጫልቱ አንገቷ እምቢ ብሏታል። ትናንት ነገ አሉኝ። ዛሬ ነገ ነው።»

አቶ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ዶክተር አይደለሁም አላልኳቸውም። ወጥቼ አየኋት። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ባሕር ዛፉ ሥር በነጠላ ተሸፍና ተኝታለች፤ ስትጠራ ዓይኗን ትከፍታለች፣ ከዚያ መልሳ ትከድናለች። ለአራተኛው ሳምንት ዘጠኝ ብዬ የጻፍኩት እንደ እሷ ያሉትን ነበር። እሷ ስንተኛዋ እንደሆነች ማን ያውቃል?

ከአንድ ባዶ ቅጽ ጀርባ ለመጋዘኑ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለስልሳ ሰው የሚበቃ መርፌ ባስቸኳይ ይሰጥ፤ ስለ ጓድ ዘውዴ፣ አሥራት። ስለ ጓድ ዘውዴ የመፈረም ሥልጣን አልነበረኝም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፊርማ ሰውን የት እንደሚያደርስ ለታላላቆቻችሁ ተዉላቸው፤ እነሱ ይነግሯችኋል።

ጋሽ ተክሌ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። «ይህ ፊርማ ያንተ ነው የሳቸው?»

«ጋሽ ተክሌ፣ ከጠየቁዎት አላውቅም ይበሉ።»

«ማንበብ አልችልም እላለሁ» አሉ ሞተሩን እያስነሱ። «የመሠረተ ትምህርት ሰርተፍኬቴን ቤት ግድግዳ ላይ ያየው ሰው እንዳይመሰክርብኝ ብቻ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሕይወቴ ከኖርኩት ሁሉ ረጅሙ ነው። አቶ ሰይድ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራሉ። እኔ ደብተሩን ይዤ ስም እገለብጣለሁ። የስሌት ማሽኗ ስለሌለች በእርሳስ አሰላሁ። እውነተኛው ቁጥር በየሳምንቱ እጥፍ እየሆነ ነበር። በሽታው ሊወርድ ቀርቶ ገና መውጣቱ ነው። ጣሪያው ከፊታችን ነው፤ ክትባቱ ደግሞ ነገ ጠዋት በእኔ ወረቀት ወደ ሌላ ሰፈር ሊሄድ ነው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ኦቦ ለሜሳ ከሚስታቸው ራስጌ አልተነሱም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው «መኪናው ይመጣል?» አሉኝ።

«ይመጣል።»

«ሰው ሁሉ ይመጣል ይላል» አሉና ዝንብ ያባርሩላት ጀመር።

አሥር ሰዓት ገደማ አቶ ሰይድ ከክሊኒኩ ጀርባ ጠሩኝ።

«ጓድ አሥራት፣ ነገ ይህን ለኮሚቴው ይናገራሉ። መናገርም አለብዎት። ግን ስሜን አያንሱብኝ። አሻጥር ይሉታል። አራት ልጆች አሉኝ።»

«ማስረጃዬ የእርስዎ ቅጽ ነው፣ አቶ ሰይድ። የአራተኛውን ሳምንት ካላሳየኋቸው ማን ያምነኛል?»

ሰውየው አልተከራከሩኝም። «እንደ ፈቀደዎት» ብለው ወደ በሽተኞቻቸው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ በቀለለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አቧራው ታየ። ጋሽ ተክሌ ካርቶኑን በጭናቸው ላይ አድርገው ነው የነዱት። ከመኪናው ሳይወርዱ «የመጋዘኑ ሰው 'ነቢዩ ዘጠኝ ብሎ አልነበረም ወይ?' አለኝ። 'ከሰማይ አዲስ ወሬ ደርሶት ነው' ብዬው መጣሁ» አሉ። ማንም አልሳቀም። አቶ ሰይድ መርፌውን ሞሉ። ጫልቱ ተወጋች። ከእሷ በኋላ ሌሎቹ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት። ስድስት ሰው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ከራስጌ ጓድ ዘውዴ፣ በቀኛቸው ከፖለቲካ ክፍሉ የመጣ ቀጭን ሰው። የአቶ ሰይድ ቅጽ በደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አውጥቼ ስመልሰው አድሬ ማዕዘኑ ተልጧል።

«ነቢዩ ይናገር» አሉ ጓድ ዘውዴ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

ቆምኩ። «ጓዶች፣ ክትባቱ ወደ ምዕራብ መሄድ የለበትም። ሰንጠረዤ ውሸት ነው።»

«ምን?»

«ትናንት ጎሮ ነበርኩ። የታመመው ሰው ከጻፍኩት ሦስት እጥፍ ነው።»

የፖለቲካ ክፍሉ ሰው እርሳሱን አስቀመጠ። «የጎሮ ሪፖርት እዚህ አሥራ አራት ይል የለም? ማነው ውሸት የጻፈው? ይህ አሻጥር ነው። ስሙን ንገረን።»

እጄ ወደ ደረት ኪሴ ሄደ። እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ ወረቀቱን ይዤዋለሁ፤ ግማሹን አውጥቻለሁ። ወረቀቱን ባወጣ ክትባቱ ጎሮ ይሄዳል፣ አቶ ሰይድ ደግሞ ወደማይመለሱበት። የዚያን ጊዜ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው የራሴ ማጠቃለያ ላይ አረፈ። ሁለት ዓምድ ነው፤ አንዱ የእኔ ግምት፣ አንዱ የመጣው ሪፖርት። ለሁለት ሳምንት እንደ መስታወት ሳየው የከረምኩት ነው። እጄን ባዶውን መለስኩ።

«ጓድ ዘውዴ፣ እርስዎ ወታደር ነዎት። አሥራ አንድ ሰው አሥራ አንድ ኢላማ ላይ ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሁሉም ጥይት በአንዲት ቀዳዳ ቢያልፍ ምን ይላሉ?»

«ተኳሾቹ ጎበዝ ናቸው አልልም» አሉ ቀስ ብለው። «ኢላማውን በምስማር የበሳ ሰው አለ እላለሁ።»

«ይህን ይመልከቱ። አሥራ አንድ ክሊኒክ ነው። አንድም ቦታ አንድ ሰው አልጨመረም፤ አንድ ሰው አልቀነሰም። በሽታ እንዲህ አይታዘዝም። እኔ ይህን በተማርኩበት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሲያየው ይስቃል። ሁሉም የላኩት የእኔን ቁጥር ነው። ማኅተም አድርገን ላክንላቸው፣ እነሱም መለሱልን።»

«ስም!» አለ ቀጭኑ ሰው። «መጀመሪያ የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ጓድ ዘውዴ ጣታቸውን ከአንደኛው ዓምድ ወደ ሌላው እያሻገሩ እስከ ታች ወረዱ። ከዚያ «አሥር ደቂቃ ሻይ» አሉ። ሁሉም ወጡ፤ እኔን ግን ጓድ ዘውዴ በዓይናቸው አስቀሩኝ።

«ይህን መቼ አወቅህ?»

«ትናንት፣ ጓድ።»

«ዓምዶቹን ያየሃቸው ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።»

«ደስ ብሎኝ ስለነበር አላየኋቸውም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። «ከዚህ ቢሮ ወደ ላይ የሚሄደውስ ሪፖርት በምን የሚለይ ይመስልሃል?» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ቀጠሉ። «በስሜ ስለፈረምከው ደብዳቤ ሰምቻለሁ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን የመለሰልህ ሰው ማን እንደሆነ ግን እንዳትነግረኝ፤ ካወቅሁ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ።»

ኮሚቴው ተመልሶ ሲቀመጥ ውሳኔው ሦስት ነበር። ክትባቱ ዛሬውኑ ወደ ምሥራቅ፣ መጀመሪያ ጎሮ ይሄዳል። ግምት የተጻፈበት ወረቀት ከዚህ ቢሮ ወደ ታች አይወርድም። ጓድ አሥራት በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ከዚያም ሦስት ወር ጎሮ ሄዶ በእግሩ ይቆጥራል። ያን ግለ ሂስ አደረግሁ። በዚያ ዘመን ከተደረጉት ግለ ሂሶች ውስጥ እውነት የነበረው የእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ክትባቱ ደረሰ፤ የበሽታውም መውጣት ከሳምንታት በኋላ ተገታ። እንዲህ ብዬ ብጨርስ ጀግና እመስላለሁ። ግን ምዕራቡ አንድ ወር ጠበቀ። እዚያም ሰው ሞተ። ስማቸውን አንብቤዋለሁ። ሁለት ሳምንት ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ክትባቱን ለሁለቱ ማካፈል ይቻል ነበር ወይ እያልኩ ስንት ጊዜ አሰላሁ። ስሌቱ አንድ ጊዜ ይቻል ነበር ይለኛል፣ ሌላ ጊዜ አይቻልም ነበር ይለኛል።

ዛሬ አልፎ አልፎ ወጣቶች ኮምፒውተራቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። በሽታው እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ በቀለም ያሳዩኛል። ለመንግሥት ሊያቀርቡት ነው፤ አስተያየቴን ይፈልጋሉ። ቀለሙ ያምራል። እኔ ሽማግሌው አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ይህን ቁጥር የጻፈው ሰው ሌላ ቁጥር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስበት ነበር? ይህን ሳታውቁ ለባለሥልጣን ማስረጃ አመጣን አትበሉ። ባለሥልጣኑ የፈለገውን መስማቱ አያስደንቅም፤ እኔን ያስደነገጠኝ ሳይንቲስቱም የፈለገውን መስማቱ ነው። ስሌትህ ሰመረ ሲሉኝ ማመን ከማንም በላይ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው በትሕትና ይሰሙኛል፤ ከዚያ «ጋሼ፣ አሁን መረጃው በስልክ ነው የሚመጣው» ይሉኛል። በስልኩ ጫፍ ማን እንዳለ ሂዱና እዩ እላቸዋለሁ።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ ልደብቀው አስቤም ነበር።

ጫልቱ ዳነች፤ መስማት ግን አቆመች። ጎሮ ቤት ለቤት ስቆጥር እነሱም ጋ ደረስኩ። በሯ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ኦቦ ለሜሳ የሌሉ መሰለኝ። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ተናገርኩ። «እህቴ፣ አሥራ አራት ያልኩት እኔ ነኝ። መርፌው ያለቀብሽ በእኔ ወረቀት ነው።» ከንፈሬን ስታይ ቆየችና ፈገግ አለች። ቀለል አለኝ። የእኔ ጀግንነት እስከዚህ ነበር፦ ለማትሰማ ሴት መናዘዝ።

ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። ኦቦ ለሜሳ የጭድ ሸክም ይዘው ቆመዋል። ሸክማቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«የነገርካት ስለማትሰማህ ነው?» አሉ።

«አዎን።»

ከእሷ ጎን ተቀመጡ። «ነገ ተመልሰህ ና። እኔ በእጄ እነግራታለሁ። አንተ ፊት ለፊቷ ትቀመጣለህ።»

በማግስቱ ሄድኩ። እሳቸው በእጃቸው ሲነግሯት ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ወረቀቱን በመዳፋቸው ላይ ጻፉላት፣ መርፌውን በክንዳቸው አሳዩዋት፣ ጆሮዋን ነኩ። ሲጨርሱ ምስሩን ወደ ጎን አደረገችና እሷም በእጇ አንድ ነገር መለሰች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«በዚህ ቤት ስንት ሰው እንዳለ ትናንት ጽፏል ወይ ነው የምትለው።»

አልጻፍኩም ነበር። ደብተሬን አወጣሁ።